ሽርክትና ሁከት፦ የካሜራ የአይኤስኦ ቁጥር ታሪክና የስያሜው ጉዳይ

፩. መነሻ

አንድ የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲገባ ብቻውን አይመጣም። ቃሉን የፈጠረው ሙያ ስለ ነገሩ የነበረውን አስተያየት፣ አንዳንድ ጊዜም የቀድሞ ስሕተቱን ጭምር ተሸክሞ ይመጣል። ተርጓሚው ይህን ሳይመረምር ቃሉን በድምፁ ብቻ የተቀበለው፣ ወይም በመዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ፍቺው የተካው እንደሆነ፣ አንባቢው ቃሉን ያገኛል፤ ነገሩ ግን ያመልጠዋል። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆኑ ሁለት ቃሎችን እንመለከታለን። አንዱ በካሜራ ላይ የሚገኘው የ«አይኤስኦ» ቁጥር ነው። ሁለተኛው ይህ ቁጥር ከፍ ሲል በፎቶግራፉ ላይ ተበትኖ የሚታየውና ባለሙያዎቻችን በእንግሊዝኛ ስሙ «ኖይዝ» የሚሉት ነገር ነው።

ጉዳዩን በአዊ ምሳሌ ማየት የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ፣ በአማራ ክልል በሚገኘው በአዊ ዞን፣ በተለይም ኮሶበር በመባልም በምትታወቀው በእንጅባራና ከእርሷ በስተሰሜን ባለችው በዳንግላ፣ ካሜራን በብርሃን እጥረት የሚፈትኑት ሁኔታዎች ሁሉ ተሰብስበው ይገኛሉ። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር፣ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ክረምቱ ረዥም፣ ደመናው ወፍራም ነው። ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው ይጋልባል፤ ሕዝቡ ነጭ ይለብሳል፤ ማታም በቤት ውስጥ የአዛውንቱ ፊት በምድጃ ብርሃን ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት ዞኑ አማርኛና አዊኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት አገር መሆኑ ነው። በዚህ ስፍራ ለአማርኛ የሚወጣ ስያሜ በአማርኛ ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

ጥያቄው የቃል ጌጥ ጥያቄ አለመሆኑንም ከመጀመሪያው ማሳሰብ እንወድዳለን። የአንድ ባህል ጽሕፈት ቤት ወይም የአንድ ፎቶ ቤት ባለቤት ካሜራ ሲመርጥ የሚያነበው በቁጥርና በሙያ ቃል የተሞላ መግለጫ ነው። ቃሉ ከተሳሳተ ምርጫው ይሳሳታል። ምርጫው ከተሳሳተ ደግሞ የአንድ ዓመት በዓል፣ የአንድ አዛውንት ገጽ፣ ዳግመኛ በማይነሣበት ሁኔታ ተበላሽቶ ይቀራል።

፪. ቁጥሩ ከየት መጣ?

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ሲገባ አማርኛ ስሙን እንዳለ ተቀበለ፤ ግሡን ግን ከራሱ ሰጠ። ፎቶግራፍ «ይነሣል»፤ የሚያነሣውም «ፎቶ አንሺ» ይባላል። ፊልም «ይታጠባል»፤ ዛሬ ፊልምም የማጠቢያ ኬሚካልም በሌለበት ጊዜ እንኳ ደንበኛው ከዲጂታል ካሜራ የወጣውን ሥዕል በወረቀት ሲያሳትም «ፎቶ አሳጠብሁ» ይላል። ይህ የሚያሳየን ቋንቋው ለሥራው በቂ ቃል እንደነበረውና ቃሉም ከመሣሪያው ዕድሜ በላይ መቆየት እንደሚችል ነው። ይሁን እንጂ የብርሃን ልኬትን በተመለከተ ቋንቋው ቁጥሩን ብቻ ተቀብሎ ስሙን ሳይተረጉም ቆይቷል።

የዳንግላ ስም ከፎቶግራፍ ጋር የተገናኘው ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዛዊው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን በዳንግላ አድርጎ ነበር። ከዚያ እየተነሣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1936 ከፎቶግራፎች ጋር በመጽሐፍ አሳተመ። እርሱ ሥራውን በጀመረበት በ1925 በጀርመን አገር በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይካ የተባለችው ትንሽ ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ቀረበች። የፎቶግራፍ ታሪክ ከትልቅ ሰሌዳ ወደ ትንሽ ፊልም የዞረበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ፊልም ለብርሃን ያለውን ስሱነት የሚለካበት አንድ የጋራ ቁጥር አልነበረም። ኸርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ሳይንሳዊ መለኪያ አቅርበው ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ መንገድ ይቈጥር ስለነበር የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመኖች «ዲን» የተባለውን ደረጃ፣ በ1943 ደግሞ አሜሪካኖች «ኤኤስኤ» የተባለውን ደረጃ አወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሁለቱ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሥር እየተጣመሩ በፊልም ካርቶን ላይ «100/21°» በሚመስል አጻጻፍ ወጡ። ድርጅቱ «አይኤስኦ» የሚለውን ስሙን «እኩል» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ የምናነበው የፊደላት ምሕፃረ ቃል ቢመስልም ድርጅቱ ራሱ እንደ ስም ይቈጥረዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተርጓሚ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በ1960 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ነገር ነው። የአሜሪካው ደረጃ እስከዚያ ድረስ ፎቶ አንሺው ብርሃን እንዳያንሰው በማሰብ የመጠባበቂያ ልክ በቁጥሩ ውስጥ አካትቶ ይሰጥ ነበር። በ1960 ይህ መጠባበቂያ በመቀነሱ የብዙ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ቁጥር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። የኮዳክ ትራይ ኤክስ ፊልም ለምሳሌ 200 ይባል የነበረው 400 ተባለ። በፊልሙ ውስጥ ያለው የብር ጨው አልተለወጠም፤ ፊልሙ ለብርሃን የበለጠ ስሱ አልሆነም፤ ሥዕሉም አልጠራም። የተለወጠው አቈጣጠሩ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ የስምምነት መለኪያ እንጂ የጥራት ማዕርግ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

፫. የጆሮ ቃል እንዴት ወደ ዐይን ተሻገረ?

በፊልም ዘመን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሥዕሉ ሻካራ ይሆን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአነስተኛ ብርሃን የሚሠራ ፊልም ትልልቅ የብር ጨው ቅንጣቶች ያስፈልጉታል፤ ፊልሙ ታጥቦ ሥዕሉ ሲጐላም እነዚያ ቅንጣቶች የሠሩት ሻካራነት ለዐይን ይታያል። እንግሊዝኛ ይህን «የእህል ፍሬ» በሚል ቃል ይጠራዋል። ነገሩ ቁስ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሊታይ ይችላል።

«ኖይዝ» ግን ሌላ ትውልድ ያለው ቃል ነው። የተወለደው በጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪ የኤሌክትሪክ ፍሰት ከተነጣጠሉ ቅንጣቶች የተሠራ ስለሆነ ፍጹም እኩል ሆኖ ሊፈስ እንደማይችል አስረዳ፤ ነገሩንም እንደሚወርድ የእርሳስ ጥይት ቅንጣት መስሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ጆንሰንና ናይክዊስት ሙቀት ብቻውን በማናቸውም የኤሌክትሪክ አስተላላፊ ውስጥ ተመሳሳይ መዋዠቅ እንደሚፈጥር አሳዩ። ይህ መዋዠቅ በማጉያ ተጐልቶ በስልክና በሬዲዮ ጆሮ ላይ ሲደርስ እንደ ሹክሹክታ ይሰማ ስለነበር መሐንዲሶቹ በጆሮአቸው የሰሙትን ስም ሰጡት። ቈይቶ ያው መዋዠቅ በቴሌቪዥን መስታዋት፣ በመጨረሻም በዲጂታል ካሜራ ሥዕል ላይ ሲታይ ስሙ አብሮ ተከተለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚያየውን ነገር «ድምፅ» ብሎ ሲጠራ የማይገርመው ቃሉ በመቶ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለተሻገረ ነው። አማርኛ አንባቢ ግን ያን መንገድ አልሄደም። በቀጥታ «ሥዕሉ ጫጫታ አለው» ብንለው ግራ ይጋባል፤ መጋባቱም ተገቢ ነው።

፬. የካፊያ ምሳሌ

በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ያለው መዋዠቅ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአዊ ክረምት የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። ዶፍ በሚጥልበት ሰዓት ሁለት እኩል ጣሳዎች በግቢ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የያዙት ውኃ እኩል ሊባል ይቻላል። ካፊያ በሚያካፋበት ጊዜ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ አስቀምጦ ማንሣት ከሆነ ግን አንዱ አምስት ጠብታ፣ ሌላው ዘጠኝ ጠብታ ይዞ ይገኛል። ሰማዩ ለአንዱ አድልቶ አይደለም፤ ጠብታው ጥቂት ሲሆን ዕጣው ጎልቶ ይታያል።

የካሜራው ሴንሰርም በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጣሳዎች ተደርድረው ብርሃን የሚቀበሉበት መስክ ነው። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ይወርዳል። ሕጉ ቀላል ነው፤ መዋዠቁ የቅንጣቶቹ ቁጥር ዘር፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ያን ቁጥር የሚሰጠው ቁጥር ነው። አንዱ ፒክስል በአማካይ 10,000 ፎቶን ቢቀበል መዋዠቁ 100፣ ማለት ከመቶ አንድ ነው። 100 ፎቶን ብቻ ቢቀበል መዋዠቁ 10፣ ማለት ከመቶ ዐሥር ይሆናል። ጥርት ያለ ሰማይ ወይም የሰው ጉንጭ አንድ ወጥ መሆን ሲገባው ነጠብጣብ ለብሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ ካሜራው ቅንጣቶቹን ቈጥሮ ወደ ቁጥር በሚለውጥበት ጊዜ የራሱ የኤሌክትሮኒክ ክፍል የሚጨምረው ትንሽ መዋዠቅ አለ፤ መዝጊያው ለረዥም ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይም ሙቀት ሌላ ይጨምራል።

እንግዲህ የአይኤስኦ ቁጥር በዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? በፊልም ዘመን ቁጥሩን መለወጥ ማለት ፊልሙን መለወጥ ማለት ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ሴንሰሩ ያው አንዱ ነው፤ ስሱነቱ አይለወጥም። ቁጥሩ ከፍ ሲደረግ የተቀበለው ጥቂት ብርሃን በበለጠ ይጐላል። ይህም በቤተ ክርስቲያን ወይም በአደባባይ ከሚተከለው የድምፅ ማጉያ ጋር አንድ ነው። ማጉያው የተናጋሪውን ድምፅ ከነሹክሹክታው አብሮ ያጐላል፤ ሹክሹክታውን የፈጠረው ግን ማጉያውን ከፍ ያደረገው እጅ አይደለም። ፎቶ አንሺው «ቁጥሩን ከፍ ስላደረግሁት ተበላሸ» ሲል ምልክቱን ከምክንያቱ ጋር ያደባልቃል። ሥዕሉን ያዋከበው የብርሃን ማነስ ነው፤ ቁጥሩ ማነሱን ገልጦ አሳየ።

ይህ ስሕተት ተግባራዊ ጉዳት አለው። ነጭ ጋቢ የለበሰ ጠይም ሰው ስናነሣ ጋቢው ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ፊቱ ጥቂቱን ብቻ። ፎቶ አንሺው «ኖይዝን» በመፍራት ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ፣ ለነጩ ልብስ ተጠንቅቆ በጨለማ ያነሣና በኋላ ፊቱን በኮምፒዩተር ያበራዋል። ፊቱ ከጋቢው ስምንት ጊዜ ያነሰ ብርሃን መልሶ ከነበረ መዋዠቁ የሚጐላው በዚያ በፊቱ ላይ ነው። ልብሱ የጠራ፣ ሰውየው የታወከ ሥዕል የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው። ትክክለኛው መንገድ ልብሱ እስከሚፈቅደው ወሰን ድረስ ብርሃን መጨመር መሆኑን «ኖይዝ የሚመጣው ከአይኤስኦ ነው» የሚለው አነጋገር ይሸፍነዋል።

፭. ካሜራን ከካሜራ ማነጻጸር

ዲጂታል ካሜራን የሚመለከተው የአይኤስኦ ደረጃ፣ ቁጥሩ 12232፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በ2006 ሲሻሻል ፋብሪካው የራሱን «የሚመከር» ቁጥር እንዲያስቀምጥ የሚፈቅድ አንቀጽ ተጨመረበት። ስለዚህ ሁለት ካሜራዎች ላይ «6,400» ተጽፎ ቢገኝ ሁለቱ ፍጹም አንድ ልክ ብርሃን ይቀበላሉ ማለት አይደለም። በ1960 ፊልም ላይ የሆነው ነገር በሌላ መልክ ተደገመ ሊባል ይችላል።

የቁጥሩ ወሰን ግን ከዓመት ዓመት ተመዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 ከ200 እስከ 1,600 ነበረው። በ2007 የወጣው ኒኮን ዲ3 እስከ 6,400 ደረሰ፤ በተጨማሪ ማስረዘሚያም እስከ 25,600 ይሄድ ነበር። በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ7ኤስ 102,400፣ በማስረዘሚያ 409,600 ሆነ። በ2016 የወጣው ኒኮን ዲ5 በማስረዘሚያ 3,280,000 የሚል ቁጥር ተጻፈበት። ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው ካሜራዎቹ በዚያው ልክ ሺህ ጊዜ የተሻሉ ሊመስለው ይችላል።

ልኬቱ የሚናገረው ሌላ ነው። ዲኤክስኦ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት የካሜራ ሴንሰሮችን ለክቶ ባወጣው መዝገብ ውስጥ የአነስተኛ ብርሃን ነጥብ የሚባል አለ። ነጥቡ ሥዕሉ አስቀድሞ የተወሰነ የንጽሕና ደረጃ ሳይጥል የሚደርስበት ከፍተኛው የአይኤስኦ ቁጥር ነው፤ ሁሉም ሥዕል በእኩል የሕትመት መጠን ተመዝኖ ይሰላል። በዚህ መለኪያ ኒኮን ዲ90 977፣ ኒኮን ዲ3 2,290፣ ሶኒ ኤ7ኤስ 3,702 አግኝተዋል።

ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው ዲ90ንና ዲ3ን ይመለከታል። ሁለቱ የአንድ ዘመን፣ የአንድ ፋብሪካ ካሜራዎች ናቸው፤ ሁለቱም 12 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አላቸው። የዲ90 ሴንሰር በግምት 23.6 በ15.8 ሚሊ ሜትር፣ የዲ3 ደግሞ 36 በ23.9 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋታቸው ሲሰላ የዲ3 ከዲ90 2.3 ጊዜ ይበልጣል። የነጥባቸው ንጽጽርም 2.3 ነው። እንግዲህ የመብለጡ ምስጢር ከሞላ ጎደል የመስኩ ስፋት ነው። በዚያው ካፊያ ገበቴ ከስኒ የበለጠ ይሰበስባል እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ዲ3ንና ኤ7ኤስን ይመለከታል። ሁለቱም ባለ 12 ሚሊዮን ፒክስል፣ የሴንሰራቸውም ስፋት ተመሳሳይ ነው፤ በመካከላቸው ሰባት ዓመት አለ። በእነዚህ ዓመታት በካሜራው ላይ የሚጻፈው የላይኛው ቁጥር ከ6,400 ወደ 102,400፣ ማለት 16 ጊዜ አደገ። የተለካው ነጥብ ግን ያደገው 1.6 ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ ሁሉን አይገልጽም፤ በጣም በጨለመ ስፍራ የአዲሱ ካሜራ የኤሌክትሮኒክ መዋዠቅ መቀነሱ የሚሰጠውን ጥቅም በሙሉ አያሳይም። ቢሆንም በመግለጫ ላይ የሚጻፈው ቁጥርና በሥዕሉ ላይ የሚገኘው ንጽሕና ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ይበቃል።

ነገሩን ወደ እንጅባራ ሜዳ እንመልሰው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ፈረሶች በዐድዋ ጦርነት ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። የሚጋልብ ፈረስ ረግቶ እንዲታይ የካሜራው መዝጊያ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ብቻ መከፈት አለበት። የሌንሱ ቀዳዳ በ5.6 ቢሆን በጠራ ፀሐይ የሚያስፈልገው የአይኤስኦ ቁጥር 125 ያህል ነው፤ በዚህ ሁኔታ ማናቸውም ካሜራ ይበቃል። ደመና መጥቶ ብርሃኑን በስምንት ቢከፍለው ቁጥሩ 1,000 ይሆናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ በስምንት ቢከፈል 8,000 ይደርሳል። ብርሃኑ በጠቅላላው 64 ጊዜ ሲቀንስ የሥዕሉ ንጽሕና፣ ማለት የእውነተኛው ብርሃን ከመዋዠቁ ጋር ያለው ንጽጽር፣ 8 ጊዜ ይቀንሳል። የካሜራ አካል ከካሜራ አካል የሚለየው በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ትክክል የሚሆነው ሁለቱ ካሜራዎች ያንኑ ስፍራ በአንድ የመዝጊያ ጊዜና በአንድ የሌንስ ቀዳዳ አንሥተው ሥዕሎቹ በእኩል ወረቀት ሲታተሙ ነው። አንዱን ባለ 12፣ ሌላውን ባለ 24 ሚሊዮን ፒክስል በመስታዋት ላይ እያንዳንዱን ነጥብ አጉልቶ ማየት አንድን ጨርቅ በክንድ፣ ሌላውን በስንዝር ለክቶ ማወዳደር ነው።

፮. የስያሜ ምርጫ

ታሪኩን ይህን ያህል ያስረዘምነው ለስያሜው መሠረት እንዲሆን ነው። በዚህ ሥራ የምንከተለው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ሕዝቡ የሚናገረው አማርኛ፣ ቀጥሎ ግእዝና ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም የባዕድ ቃል።

ለቁጥሩ ሦስት መንገዶች አሉ። «ፍጥነት» ማለት የእንግሊዝኛው ልማድ ነው፤ በአማርኛ ግን ከመዝጊያው ፍጥነት ጋር ይጋጫል። «ትብነት» ወይም «ስሱነት» ለፊልም መልካም ነው፤ ፊልሙ በእርግጥ ለብርሃን ትብ ነውና። በዲጂታል ካሜራ ግን ሴንሰሩ የማይለወጥ ስለሆነ ቃሉ ያሳስታል። ስለዚህ ለመለኪያው «ሜትር» እና «ሊትር» እንደተቀበልናቸው «የአይኤስኦ ቁጥር» ይቅር፤ ካሜራው ቁጥሩ ከፍ ሲል ለሚሠራው ሥራ ግን «ማጉላት» ይባል። «ማጉያ» የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ የኖረ ስለሆነ አንባቢ ትርጉሙን ለመረዳት ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ለፊልሙ ሻካራነት «ሽርክት» እናቀርባለን። ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ዱቄት ልም ወይም ሽርክት መሆኑን ያውቃል። የብር ጨው ቅንጣትም እንዲሁ ነው፤ በዝቅተኛ ቁጥር የሚነሣ ፊልም ልም፣ በከፍተኛ ቁጥር የሚነሣ ሽርክት ነው። ባዕዱ ቃል ስለ እህል ፍሬ ሲናገር የእኛው ቃል ከወፍጮ መውጣቱ ተጨማሪ ዕድል ነው።

ለ«ኖይዝ» አራት ቃሎች ተመዝነዋል። «ጫጫታ» ከጆሮ የማይለይ፣ ከሰዎችም መሰብሰብ ጋር የተያያዘ ነው። «ጉድፍ» በሌንስ ወይም በወረቀት ላይ ያረፈን እድፍ ያስመስላል፤ የሚጠረግ ይመስላልና አይሆንም። «ብዥታ» ፈጽሞ ሌላ ጉድለት ነው፤ የሚመጣው ከሌንሱ አለመስተካከል ወይም ከእጅ መንቀጥቀጥ ነው። የቀረው «ሁከት» ነው። ይህ ቃል ለጆሮም ለዐይንም ይሆናል፤ ባሕር ይታወካል፣ ልብም ይታወካል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለይዞታው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ እንዲከስስ ሲፈቅድ ቃሉን በሰላም ያለን ነገር የሚያናጋ በሚለው ፍቺ ይዞታል። ይህ ፍቺ ለጉዳያችን የተስማማ ነው፤ እውነተኛው ብርሃን ባለይዞታ፣ መዋዠቁ ሁከት ነውና። ከዚህም በላይ ቃሉ ይረባል፦ አወከ፣ ታወከ፣ የታወከ ሥዕል፣ ሁከት አልባ። ለጸጥታ ጉዳይ መዋሉ እንቅፋት ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ በፎቶግራፍ ጽሑፍ ውስጥ «የሥዕል ሁከት» ሲባል ማንም አይሳሳትም።

ከዚህ በመነሣት ንዑሳኑን መሰየም ቀላል ይሆናል። ከብርሃን ቅንጣቶች ማነስ የሚመጣው «የብርሃን ሁከት»፣ ካሜራው በሚቈጥርበት ጊዜ የሚጨምረው «የንባብ ሁከት»፣ ከሙቀት የሚመጣው «የሙቀት ሁከት» ይባላሉ። ሐሳቡ በተግባር ሲፈተን ልዩነቱ ይታያል። «ይህ ካሜራ በ6,400 አይኤስኦ ኖይዝ አይፈጥርም» የሚለውን ትርጉም «ይህ ካሜራ በአነስተኛ ብርሃን ሲያነሣ ሁከቱ እስከ 6,400 አይኤስኦ ድረስ ጎልቶ አይታይም» ከሚለው ጋር እናስተያየው። የመጀመሪያው ቁጥሩን ፈጣሪ ያደርጋል። ሁለተኛው ምክንያቱን ለብርሃን፣ ወሰኑን ለቁጥሩ፣ ብቃቱን ለካሜራው ይሰጣል። በዚሁ መሠረት በገበያ መግለጫዎች ላይ የሚገኘው «ከፍተኛ የአይኤስኦ ብቃት» የሚለው ሐረግ «የአነስተኛ ብርሃን ብቃት» ተብሎ ቢተረጐም እንመርጣለን።

፯. ስለ አዊኛ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አማርኛ ነው። በአዊ ዞን ግን ትርጉሙ በአማርኛ አያበቃም። አዊኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ከማዕከላዊው የኩሽ ወገን ይመደባል። ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው የደቡብ አገው የግሥ ሥርዐት ጥናት ውስጥ እንደሚታየው፣ የግሡ እርባታ እጅግ የበለጸገ ነው። ቋንቋው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃልን ከቃል ይለያል። በነባር ድምፆቹ ውስጥ ደግሞ አማርኛ የሚያዘወትራቸው ፈንጂ ድምፆች፣ ማለት ጥ፣ ጭ፣ ጽ፣ ጵ፣ አይገኙም።

ይህ ለስያሜ ሠራተኛ ትርጉም አለው። «ጫጫታ»ን ለአማርኛ መርጠን ቃሉ በትምህርት መጽሐፍና በመመሪያ በኩል ወደ አዊኛ እንዲሻገር ብንተወው፣ ለአማርኛው የተሳሳተ ሥዕል፣ ለአዊኛው ደግሞ ባዕድ ድምፅ እንሰጣለን። «ሽርክት» እና «ሁከት» ፈንጂ ድምፅ ባይኖራቸውም ለአዊኛ ይበቃሉ ማለታችን አይደለም። አዊኛም ወፍጮ፣ ዝናብና የታወከ ውኃ ያለው ቋንቋ ነው። ለተርጓሚው መተላለፍ ያለበት የአማርኛው ቃል ሳይሆን የተመረጠበት ምክንያት ነው። የፊልሙ ሻካራነት ቁስ ነው፣ የዲጂታሉ መዋዠቅ ከጥቂት ጠብታ የሚመጣ ነው፣ ቁጥሩም ማጉያ ነው የሚሉት ሦስት ነጥቦች ከተያዙ፣ የአዊኛ ተናጋሪ ቃሉን ከራሱ ጓዳ ያወጣል።

፰. ማጠቃለያ

በ1925 በዳንግላ ካሜራ የተሸከመ ሰውና ዛሬ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ዳር የሚቆም ፎቶ አንሺ የሚጋሩት ችግር አንድ ነው፤ ብርሃኑ ሳያልቅ ነገሩን መያዝ። በመካከላቸው ያለፈው መቶ ዓመት ብዙ ቁጥሮችና ብዙ ስሞች አምጥቷል። ቁጥሮቹ አንድ ጊዜ በስምምነት እጥፍ ሆነዋል፤ ሌላ ጊዜ በማስረዘሚያ ሚሊዮን ተሻግረዋል። የብርሃን ጠብታ ሕግ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። «የአይኤስኦ ቁጥር» እንደ መለኪያ ስም እንዳለ ይያዝ፤ «ትብነት» ለፊልም ብቻ ይወሰን፤ ለዲጂታሉ ሥራ «ማጉላት» ይባል፤ የፊልም ሻካራነት «ሽርክት»፣ ተቃራኒው «ልም» ይሁን፤ «ኖይዝ» በ«ሁከት» ይተካ፣ ከንዑሳኑም ጋር ይመዝገብ፤ የካሜራ ንጽጽር በሚተረጐምበት ጊዜም የሴንሰሩ ስፋትና የንጽጽሩ ሁኔታ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይጻፍ። በእነዚህ ቃሎች ላይ የፎቶ ቤት ባለሙያዎች፣ መምህራንና በተለይም የአዊኛ ተናጋሪ ተርጓሚዎች የሚሰጡት አስተያየት ለሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር ዋነኛ መነሻ ይሆናል።